ከአክስትየዋ በላይ ያለው መስመር

“ገባ?”

“ቆይ እንጂ አንቺ ሴት፣ ገና መክፈቴ ነው።”

“መቼም አንተ እስክትከፍት ሰው ያረጃል።”

በዚያ ቤት ጠዋት የሚጀምረው እንዲህ ነበር። ደህና አደርክ፣ ደህና አደርሽ መባባል ከቀረ ሰንብቷል። ባል ፊቱን ታጥቦ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ከምግብ ጠረጴዛው ጥግ ካለችው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። ሚስት ሻይ ይዛ ከኋላው ትቆማለች። እሱ ይጽፋል፣ ማሽኑ ይመልሳል፣ እሱ መነጽሩን ከፍ ዝቅ አድርጎ ያያል። ከዚያ ወይ “ገባ” ይላል፣ ወይ “አልገባም” ይላል። ገባ ያለ ቀን ዳቦውን ጨርሶ የእሷንም ይቆርሳል። አልገባም ያለ ቀን ሻዩ እፊቱ ይቀዘቅዛል።

ገባ የሚባለው ልጃቸው ነው።

ሰውየውን ሰፈሩ የሚያውቀው ጋሽ አስር ጣት በሚል ስም ነው። ዕድሜውን ሙሉ በከተማው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበር። በአስሩም ጣቱ፣ ወደ ፊደሎቹ ሳያይ፣ በመስኮት መንገደኛውን እያየ ይጽፋል። በሁለት ጣት እየለቀሙ የሚጽፉ አለቆቹ ቀንተው ያወጡለት ስም ነው። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ ወንበሩን አስቀረ፤ ስሙንና ሁለት አሮጌ የጽሕፈት መኪና ግን ለቀቀለት፤ አንዱ የአገሩ ፊደል ያለው፣ አንዱ የፈረንጅ ፊደል ያለው። ሁለቱንም የክት ዕቃ ይመስል ሸፋፍኖ ቁም ሣጥን አናት ላይ አስቀምጧቸዋል።

ከኮምፒውተር ጋር ያጣላው ማውሱ ነበር። “ዕቃ ይዞ ጠረጴዛ ማሸት ምኑ ነው ጽሕፈት?” ይል ነበር። የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነው ልጁ ይህን ሰምቶ ሳቀና አንድ ቀን ማውሱን ነቅሎ ኪሱ ከተተው። በምትኩ ጥቁር መስኮት ከፈተለት፤ ምንም የሌለበት፣ አንዲት ነጭ ምልክት ብቻ ብልጭ ድርግም የምትልበት። እዚያ ላይ ትእዛዝህን በፊደል ትጽፋለህ፣ ማሽኑም በፊደል ይመልስልሃል። አንዲት ነጥብ ካጎደልክ አይታዘዝልህም።

“ይኼማ እንደ ድሮ አለቆቼ ነው!” አለ ጋሽ አስር ጣት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቁሩ መስኮት የሱ ሆነ።

ልጁ ያንን ያደረገው በከንቱ አልነበረም። በቤቱ የነበረውን ፎቶግራፍ ሁሉ፣ ከወላጆቹ ሠርግ አንስቶ የራሱ የፊት ጥርስ እስከወለቀበት ቀን ድረስ፣ ለቅሞ ራቅ ያለ ቦታ ባለ ማሽን ላይ አስቀምጦት ነበር። “ፎቶ ቤታችን” ይለዋል። ፎቶ ቤቱ የሚከፈተው በቶክን ነው። ቶክን ማለት ረጅም የፊደልና የቁጥር ጥልፍልፍ ነው፤ ማንም በቃሉ አይዘውም፣ እንዲይዘውም አይጠበቅም። ስልክህ አንዴ ከዋጠው፣ ከዚያ ወዲያ በሩን ራሱ ይከፍትልሃል። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ አለው። ቶክን የሚፈጥረው፣ የሚሽረው፣ ማን መቼ እንደገባ የሚያየው የበሩ ዘበኛ ደግሞ አባት እንዲሆን ተወሰነ። “ዘበኝነት ለጡረተኛ ጥሩ ነው” አለ ልጁ። አባትየው ትእዛዞቹን በአንድ ከሰዓት በኋላ ለቀም አድርጎ ያዛቸው።

‘ዘርዝር’ ብሎ ሲያዘው ማሽኑ ሦስት መስመር ያወጣል። የላይኛው “አባት”፣ የመካከለኛው “ልጅ”፣ የታችኛው “አክስት” ይላል። በየመስመሩ ጫፍ ላይ ባለቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ የገባበት ቀን ይሰፍራል። አክስት የተባለችው የጋሽ አስር ጣት እህት ናት። ቶክኑን ልጁ ራሱ ስልኳ ላይ አስገብቶላት “በኋላ አየዋለሁ” እንዳለች ቀረች። ገብቶ ለማያውቅ ሰው ማሽኑ ቀን አይጽፍም፤ አንዲት አጭር ሰረዝ ያደርግበታል። “አያችሁ፣ ቁርጥ እህቴን!” ይላል ጋሽ አስር ጣት። “እንዲህ ተጋድማ ነው የምትውለው።”

እናት ቶክን አልፈለገችም። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ነው የምትውለው። “እኔ በአባትህ ላይ ተደርቤ አያለሁ፣ ምን ያስፈልገኛል” አለች።

ከዚያ ጠቡ መጣ። ልጁ ደህና ሥራውን ትቶ “ከጓደኛዬ ጋር ሌላ ከተማ ሄጄ የራሴን እጀምራለሁ” አለ። ጋሽ አስር ጣት ዕድሜውን አንድ ወንበር ላይ የጨረሰ ሰው ነው፤ ወንበር ትቶ መሄድ ለሱ ከጣራ እንደ መዝለል ነው። ተናገረ። ልጁም መለሰ። በመጨረሻ አባት በሩን እያሳየ፣ “ከዚህ ከወጣህ አድራሻህን እንዳትነግረኝ!” አለ። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ተናግረውት ሰምቶ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ሰማ።

ጥቂት ወራት ስልኩ ይጠራ ነበር፤ አይነሳም። ቆይቶ መጥራቱንም ተወ። እናት “እንሂድ፣ እንፈልገው” አለች። ስሙ በዚህ ቤት እንዳይነሳ ብሎ የነበረው አባት ቃሉን ዋጠና የጽሕፈት መኪናውን ከቁም ሣጥን አናት አወረደ። ወረቀት አስገብቶ “የጠፋ ሰው ማስታወቂያ” ብሎ ጻፈ። እዚያ ላይ ጣቶቹ ቆሙ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መጻፍ ፈራ። በፍርሃት መሃል ዝርዝሩ ትዝ አለው። ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ ቢያይ፣ በልጁ መስመር ጫፍ ላይ የሰፈረው ቀን ትናንት ነው።

“ገባ!” ብሎ ጮኸ። “ትናንት ገብቷል! አንቺ፣ ልጅሽ ፎቶ እያየ ነው!”

ሚስቱ ክር በጥርሷ እንደነከሰች በሩ ላይ ቆማ ነበር። ምንም አላለችም። ደስታ ነው አፏን የያዘው ብሎ አለፈው። ወረቀቱን ከጽሕፈት መኪናው መዝዞ ጨማደደው። “ፎቶ የሚያይ ሰው አልጠፋም” አለ።

ፍለጋ የሚባለው ነገር በዚያው ቀረ። በሳምንትም በሁለት ሳምንትም ቀኑ ይቀየራል፣ ጋሽ አስር ጣትም ዳቦውን ይጨርሳል። አንድ ሁለት ጊዜ ሚስቱ “ምናለ ሄደን ብናየው፣ በዓይናችን ብናየው” ብላ ነበር። “ይገባ የለ እንዴ?” ይላታል። “ሲበርድለት ይመጣል። እሱም እንደኔው ግትር ነው።” እሷም ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለሳለች።

አንድ ጠዋት ግን ከሦስቱ መስመሮች ሥር ማሽኑ በቢጫ ቀለም አንድ ነገር ጨመረ። ቶክኖቹ ዕድሜያቸው እያለቀ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ሁሉም ጊዜያቸው ያልፋል።

ቶክን እንደ ወተት ነው፣ ቀን አለው። ቀኑ ካለፈ ስልኩ በሩን ቢያንኳኳ የሚከፍትለት የለም። አሮጌውን ማደስ አይቻልም፤ አዲስ ይፈጠርና ለባለቤቱ ይሰጣል። ጋሽ አስር ጣት ለራሱ ፈጠረና ስልኩን አስዋጠው። ለእህቱም ፈጠረላት፤ ለወጉ ያህል። የልጁ ላይ ሲደርስ ግን እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ። አዲሱን ቶክን ለማን ይስጥ? በየት በኩል ይላክ? አሮጌው ጊዜው ካለፈ ያቺ መስመር ከእንግዲህ አትንቀሳቀስም። ልጁ በሕይወት መኖሩን የምትነግረው ያቺ ብቻ ናት።

ያን ቀን ፀጉር ቤት ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቱ ነው፤ በጆሮው ዙሪያ የቀረችውን ፀጉር በዓመት በዓመት እያነሰች ብትሄድም በዚያው ትጋት ያስተካክልለታል።

“ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው? አንገትዎ ደርቆ መቀሴን ሊሰብርብኝ ነው።”

ነገረው። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አቁሞ አዳመጠ።

“ስልክ የለውም?”

“አይሠራም።”

“አብሮት የሄደው ጓደኛውስ?”

“ስሙን ጠይቄው አላውቅም” አለ ጋሽ አስር ጣት፤ ድምፁ ወደ ውስጥ ገባ።

ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱ ላይ የለጠፋትን ወረቀት በመቀሱ ጫፍ ነካ አደረጋት። ሰኞ ዝግ ነው ትላለች። “ይቺን በር ላይ ለጥፌያት ነበር። ማንም አያያትም። ሰኞ ሰኞ በሩን ይደበድቡታል። መስታወቱ ላይ ከለጠፍኳት ወዲህ ግን ያላያት የለም። የሚመጡት መልካቸውን ሊያዩ ነዋ! ልጅዎም የሚያየው ፎቶ ከሆነ፣ ፎቶው መሃል ይለጥፉለት።”

ጋሽ አስር ጣት ፎጣውን ከአንገቱ ፈትቶ ተነሳ።

“ጋሼ፣ በግራ በኩል አልጨረስኩም!”

“የግራው ይቆይ!”

“ታዲያ ልጁ ከወሰደው በኋላ ቶሎ ያንሱት! ሌላ ሰው ቢያየው እሱም ይገባል!”

“ማን ያየዋል? እህቴ?” ብሎ ሳቀ፤ ቢጫው ጽሑፍ ከወጣ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር።

ቤት ገብቶ ‘ፍጠር’ ብሎ አዘዘ። ስሙን “ልጅ አዲስ” አለው። ማሽኑ ጥልፍልፉን አወጣና፣ አሁኑኑ ቅዳው፣ ሁለተኛ አላሳይህም ሲል አስጠነቀቀ። ጋሽ አስር ጣት የፈረንጅ ፊደል ያለውን የጽሕፈት መኪና አወረደ፣ አቧራውን እፍ አለ፣ ወረቀት አስገባ። ጥልፍልፉን ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ በአስሩም ጣት አወረደው። ከዚያ እንደ ጽሕፈት ቤቱ ደንብ ማመሳከር ቀረ። እዚያ የተጻፈ ነገር ሁሉ በሁለት ሰው ይመሳከር ነበር፤ አንዱ ከዋናው ያነባል፣ ሌላው ቅጂውን ይከተላል።

“ነይ እስቲ፣ አንቺ ቅጂውን ያዢ።”

“እኔ የፈረንጅ ፊደል ምን አውቄ?”

“የልብስ መጠን ታነቢ የለም እንዴ? ትልቁን፣ መካከለኛውን፣ ትንሹን?”

“እነሱማ ሦስት ናቸው።”

“ሌላው ዘመዳቸው ነው። ያዢ።”

አነበበ፣ ተከተለች። ከጠበቀው በላይ ታውቅ ነበር። አንድም ስህተት አልነበረም። ወረቀቱን መስኮቱ ሥር አስቀምጦ በስልኩ ፎቶ አነሳው፣ ፎቶውን ወደ ኮምፒውተሩ አሳለፈ፣ ወደ ፎቶ ቤቱ የሚጭነውን ትእዛዝ ጻፈ። ልክ ሲጨርስ የቤቱ ስልክ ጮኸ።

“እህትህ ናት!” አለች ሚስቱ ከውስጥ። “ቶሎ በል፣ ቸኩያለሁ ትላለች።”

እህቱ ቸኩያለሁ ያለች ቀን ጆሮ አያርፍም። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ተከራይዋ፣ እንደገና ስለ ጉልበቷ ስታወራለት ቆይታ ሲመለስ የኮምፒውተሩ ፊት ጠቁሮ ተኝቷል። ጋሽ አስር ጣት ክዳኑን ዘጋው። ወረቀቱን የጽሕፈት መኪናው ሥር ሸጎጠና እፎይ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ከኋላው ሳትቆም ዝርዝሩን አወጣ። “ልጅ አዲስ” የሚለው መስመር ላይ ቀን ሰፍሯል። የትናንት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ።

“ገባ?” አለች ከደጅ።

ዞር ብሎ በእጁ ብቻ ‘ነይ’ አላት። ስትመጣ መስመሯን በጣቱ አሳያት። “ወሰደው” አለ። “ለጠፍኩለት፣ አየው፣ ወሰደው። አየሽ? የኔን ጽሕፈት አውቆታል። አባቱ እንደጻፈለት አውቋል።”

“እሰይ” አለች ሚስቱ፤ ሻዩን አስቀምጣ ቶሎ ወጣች።

ያን ቀን መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ ሰላምታ ሰጠ፤ ሦስት ዓመት ያኮረፈውን ጎረቤቱን ሳይቀር። ሰውየው ደንግጦ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ጋሽ አስር ጣት ፀጉር ቤት ገብቶ የግራውን አስጨረሰ፤ ሲወጣ ፀጉር አስተካካዩ “ወረቀቱን እንዳይረሱ፣ ያንሱት” አለው።

ለማንሳት ብሎ ነበር ኮምፒውተሩን የከፈተው። ፎቶ ቤቱ ገብቶ ፈለገ። የመጨረሻው ፎቶ የሚስቱ ልደት ላይ የተነሳ ነው፤ ልጁ አፉ ኬክ ሞልቶ ይስቃል። ከሱ በኋላ ምንም የለም። ተሳስቶ ሌላ ቦታ ጥሎት እንደሆነ ብሎ ከላይ እስከ ታች ወረደ። የለም። ግራ ገብቶት ሁሉንም መስኮት አንድ በአንድ መዝጋት ጀመረ፤ ሁሉም ሲዘጋ አንድ ጥቁር መስኮት ከሥር ቀረ። የትናንቱ ነው። ፎቶውን ‘ጫን’ ያለበት ትእዛዝ አለ፣ ከሥሩ የማሽኑ ጥያቄ አለ፤ እርግጠኛ ነህ? አዎ ወይስ አይ? ከጥያቄው ፊት ነጯ ምልክት ብልጭ ድርግም ትላለች። እህቱ ከደወለች ጀምሮ መልስ እየጠበቀች ነበር።

ፎቶው አልተጫነም። ልጁ ሊያየው አይችልም። ማንም ሊያየው አይችልም።

ጋሽ አስር ጣት ብዙ ያልተማረ ሰው ነው፣ ይህን ለመረዳት ግን ትምህርት አያስፈልግም። ቀስ ብሎ ተነሳና የጽሕፈት መኪናውን ቀና አድርጎ ወረቀቱን አወጣ። ትናንት ሲሸጉጠው ንጹሕ ነበር። አሁን ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር አንዲት ቀጭን ሰማያዊ ጭረት አለች፤ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ላይ ስፌቱ የሚያልፍበትን የምታመለክትበት ጠመኔ። እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ አንድ በአንድ፣ በጥንቃቄ፣ እንዳይሳሳት ተብሎ የተጫረ።

ከውስጠኛው ክፍል የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል። ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይሮጣል። እዚያው ቆሞ አዳመጠው። ገብቶ ሊጮህባት ይችል ነበር፤ መጮህ ያውቅበታል። አንድ ጊዜ ጮሆ ምን እንደደረሰ ግን አየ። ወረቀቱን ወደ ቦታው መለሰና ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ደጅ ወጣ። እስኪመሽ ድረስ ሰፈሩን ሲዞር ዋለ።

በማግስቱ የወሩ መጨረሻ ቀን ነበር።

“ገባ?” አለች፤ ሻይ ይዛ ከኋላው ቆማ።

ጋሽ አስር ጣት መስመሩን አየ። ትናንት፣ እሱ ሰፈር ሲዞር በነበረበት ሰዓት፣ “ልጅ አዲስ” እንደገና ገብቷል። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

“አልገባም” አለ።

ከኋላው ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር ሲጋጭ ሰማ።

“ደህና አርገህ አይተኸዋል?”

“አይቼዋለሁ።”

“ማሽኑ ይሆናላ፣ አንዳንዴ እኮ…”

“ማሽኑ ደህና ነው። ስልኩን አምጪው።”

“የቱን ስልክ?”

“በዚህ ዕድሜዬ አታሩጪኝ፣ እባክሽ።”

ሄደች። ስትመለስ ከክር ሣጥኗ ሥር ያወጣችውን፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ስልክ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። የልጁ አሮጌ ስልክ ነው፤ ፊቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰንጥቋል።

“መብራት ሲጠፋ ብርሃን ይሆንሻል ብሎ ነው የሰጠኝ” አለች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። “አንተ ስሙን እንዳታነሺ ብለኸኝ ነበር። አንድ ቀን ስነካካው ፎቶዎቹ መጡልኝ። ተደብቄ አየሁ። ፎቶ ማየት ምን ያመጣል ብዬ! በማግስቱ አንተ ‘ገባ!’ ብለህ እንደ ሕፃን ዘለልክ።”

“ያኔ ልትነግሪኝ ይገባ ነበር።”

“ይገባ ነበር። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ሁልጊዜ ነገ እንዳልኩ ቀረሁ።”

“ሁሉም አንቺ ነሽ? እሱ አንድ ቀን እንኳ…”

ከጉልበቷ ላይ የሌለ ክር ለቀመች። “እኔ ሳልከፍት ገባ ብለህ አታውቅም” አለች። “ሆን ብዬ የዘለልኩባቸው ጊዜያት ነበሩ። ምናልባት እሱ ይገባ ይሆናል ብዬ፣ ወር ሙሉ። ያኔ ምግብ አልበላ አልክ፣ ከሳህ። ከፈትኩት።”

ጋሽ አስር ጣት ያንን ወር ያስታውሰዋል። ጉንፋን ነው ብለው ነበር።

“እያወቅሽ ጠዋት ጠዋት የምትጠይቂኝ ለምንድን ነው ታዲያ?”

“ስትመልስልኝ ደስ ይልሃላ።” ቀና ብላ አየችው። “ደግሞ አንተ ስትለው፣ አንዳንድ ቀን እኔም አምነው ነበር።”

ሊቆጣት ፈልጎ ቁጣውን አጣው። ‘እንሂድ፣ በዓይናችን እንየው’ ያለችው እሷ፣ ‘ይገባ የለ እንዴ’ ያለው እሱ። እሷ ልትል ያልቻለችው ነገር ነበረ፣ እሱ ደግሞ ሊሰማ አይፈልግም ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ልጁ ስላለበት ሁኔታ የሚያውቁት አንዳች ነገር አልነበረም፤ አንድ ቀን እንኳ፣ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቁም።

“የዛሬው ቀን እስኪያልቅ አሮጌው ይሠራል” አለ በመጨረሻ። “ይልቅ መነጽሬን ስጪኝ።”

ወደ ጥቁሩ መስኮት ዞረ። መጀመሪያ “ልጅ አዲስ” የሚለውን ሻረው፤ ማሽኑ ‘ተሽሯል’ አለ፣ ሌላ ምንም አላለም። ቀጥሎ ‘ፍጠር’ አለና በስም ቦታ ላይ “እናት” ብሎ ጻፈ። ጥልፍልፉን አነበበላት፤ እሷ በተሰነጠቀው ስልክ ላይ ፊደል በፊደል አስገባችው።

“ከእንግዲህ ስታይ በራስሽ ስም እይ። ለምን ትደበቂያለሽ፣ ፎቶው የጋራችን ነው” አላት።

ከዚያ ለልጁ እንደገና አዲስ ፈጠረ። በጽሕፈት መኪናው ጻፈው፣ አመሳከሩት፣ ፎቶ አነሳው። የትም ይሁን፣ ዛሬ በመጨረሻዋ ቀን በአሮጌው ቶክን ቢገባ ያገኘዋል። ‘ጫን’ ብሎ አዘዘ፣ ማሽኑ እርግጠኛ ነህ ሲል ጠየቀው፤ የቤቱ ስልክ ጮኸ፣ እህቱ መሆኗን ሁለቱም አወቁ፣ ማናቸውም አልተነሱም። ‘አዎ’ ብሎ ጻፈ።

ቀኑ አለፈ፣ የአሮጌው ጊዜ አለፈ። በማግስቱ ዝርዝሩ አራት መስመር ሆኖ ወጣ። አባት፣ ቀን አለው። እናት፣ ቀን አላት። ልጅ፣ ሰረዝ። አክስት፣ ሰረዝ። ሁለቱ ሰረዞች አንዱ ካንዱ ሥር ተጋድመዋል።

ሚስቱ ሻይ ይዛ መጣች፣ ከኋላው ቆመች፣ ምንም አልጠየቀችም። በሚቀጥለውም ቀን፣ ከዚያም ወዲያ ባሉት ቀናት አልጠየቀችም። እሱ ግን ማየቱን አልተወም። አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩን ዘግቶ የአገሩ ፊደል ያለውን የጽሕፈት መኪና አወረደ፣ ወረቀት አስገባ። የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ብሎ ጻፈ፤ በዚህ ጊዜ እጁ አልቆመም።

“ቁመቱ ስንት ነው?” አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ሚስቱ ከውስጠኛው ክፍል ሜትር ሳትይዝ መጣች። ቁመቱን ነገረችው። የትከሻውን ስፋት ነገረችው። እጅጌው ከግራ ይልቅ በቀኝ በኩል በአንዲት ጣት እንደሚረዝም፣ ለዚህም የገዛው ሸሚዝ ልኩ ሆኖ እንደማያውቅ ነገረችው።

“ማስታወቂያ ነው የምጽፈው ወይስ ኮት ልሰፋለት ነው?”

“ጻፈው። የሚያውቀው ሰው በዚያ ያውቀዋል።”

ጻፈው። የእጅጌውንም ጻፈ። ሰው ማስታወቂያውን አንብቦ እጅጌ ይለካ ይመስል። ‘ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት’ የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አያት፣ እሷም አየችው። ያ ሁሉ ጊዜ ይህን ጥያቄ ጠዋት ጠዋት በደስታ ሲመልሰው ኖሯል። አሁን የጠቡን ቀን ጻፈ። ቦታው ላይ፣ ከወላጆቹ ቤት በር ላይ፣ ብሎ ጻፈ።

የቀረው የተለመደው መዝጊያ ነው፤ በጽሕፈት ቤቱ ሳለ የሌሎች ሰዎችን ልጆች ሲያፈላልግ ስንቴ ጽፎታል፣ በመስኮት እያየ፣ ሻይ እየጠጣ። ያለበትን አድራሻ የሚያውቅ ሰው እንዲነግረን፣ ይላል። ጋሽ አስር ጣት እስከዚያ ድረስ በአስሩም ጣት ወርዶ፣ አድራሻ የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ እጆቹን አነሳ። ፊደሎቹን የማያውቃቸው ይመስል አጎንብሶ ፈለጋቸው። በአንዲት ጣት፣ አንድ በአንድ፣ እየለቀመ ጻፋቸው።

ሚስቱ ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች ተከተለችው።

“ስህተት የለውም” አለች። “ጫማህን እሰርና እንሂድ።”